ምኑ ተነቦ ይመረጣል? ስለ ቤት ውስጥ ኬሚካሎች ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ደረሰኝ። በሦስት ቀን ውስጥ ሦስት ሰው ላከልኝ። ስለምን መሰላችሁ? በየቤታችን በምንጠቀምባቸው ዕቃዎች ውስጥ ስላለው ኬሚካል ነው። ቀለም፣ በረኪና፣ ፈሳሽ ሳሙና፣ የፊት ክሬም፣ የተባይ መርጫ። መንግሥት በእነዚህ ላይ የሚያወጣቸው ፖሊሲዎች ይጠቅማሉ ወይ ብሎ ይጠይቃል። መልሱ አይጠቅሙም ነው።

ጸሐፊውን በአካል አላውቃቸውም። አስበውበት እንደጻፉ ግን ያስታውቃል። ስለዚህ እኔም አስቤበት፣ ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

ሐሳባቸው ባጭሩ አምስት ነው። የኬሚካል ደህንነት የሀብታም አገር ጭንቀት ነው፤ እኛ መጀመሪያ እንጀራ እንብላ ይላሉ። ቀጥለው፣ ማንኛውም ነገር መርዝ የሚሆነው በመጠኑ ነው፤ እዚህ አገር ጉዳት አደረሰ የሚል ማስረጃ የለም ይላሉ። ሦስተኛ፣ ገዢው አዋቂ ነው፤ አይቶ ይምረጥ፣ ካልፈለገ ወደ ተፈጥሮው ይመለስ። አራተኛ፣ ሕግ ሞልቷል፤ ደግሞም ሕግ እኛ አገር አይሠራም። በመጨረሻ፣ ቁጥጥር ሲበዛ ዋጋ ይንራል፣ ትንሹ ነጋዴ ይዘጋል።

እኔ እዚህ ጅማ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ወንድሜ ደግሞ የቀለምና የሕንፃ ዕቃ ሱቅ አለው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ አግዘዋለሁ። ነገሩን ከጥቁር ሰሌዳውም ከመደርደሪያውም በኩል የማየት ዕድል አለኝ ማለት ነው።

ከእንጀራው ልጀምር። ይህ አባባል ቶሎ ልብ ውስጥ ይገባል። የጤፍ ዋጋ እንዲህ በወጣበት ጊዜ ቀለም ውስጥ ስላለ እርሳስ፣ ሊድ ስለሚባለው መርዛማ ማዕድን፣ ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ግን እርሳስ አብልጦ የሚጎዳው ማንን ነው? የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ሕጻን ልጅ ከዋጠው እርሳስ ውስጥ ወደ ሰውነቱ የሚገባው አዋቂ ሰው ላይ ከሚሆነው አራትና አምስት እጥፍ ይበልጣል። ብረትና ካልሲየም ያነሰው ልጅ ደግሞ ከዚያም በላይ ይስባል። ሰውነት እርሳስን ከካልሲየም በደንብ ለይቶ አያውቀውም። ማዕድን የተራበ አንጀት ያገኘውን ያነሳል። እንግዲህ ከግድግዳ የረገፈ ቀለም አብልጦ የሚጎዳው በደንብ ያልበላውን ልጅ ነው። እንጀራ የጎደለበት ቤትና እርሳስ የሚጎዳው ቤት አንድ ቤት ነው። አንዱን አስቀድሞ ሌላውን ተራ ጠብቅ ማለት እንዴት ይቻላል?

ዩኒሴፍና ፒዩር ኧርዝ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ሪፖርት፣ በዓለም ላይ ካሉ ሕጻናት ከሦስቱ አንዱ በደሙ ውስጥ በዴሲሊትር 5 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ እርሳስ አለው። እስከ 800 ሚሊዮን ልጆች ማለት ነው። አብዛኞቹ የሚኖሩት ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆኑ አገሮች ነው። የሀብታም አገር ጭንቀት የሚለው እዚህ ላይ ይወድቃል። ሀብታሞቹማ አብዛኛውን ጨርሰውታል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1980 በነበረው ጊዜ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ያሉ ልጆች ደም ውስጥ በአማካይ 15 ማይክሮግራም ያህል ይገኝ ነበር። ዛሬ ከአንድ በታች ነው። ይህ የሆነው እናቶች ድንገት ጠንቃቃ ስለሆኑ አይደለም። እርሳስ ከቤንዚን እንዲወጣ በሕግ ተወሰነ። እ.ኤ.አ. በ1978 ደግሞ የቤት ቀለም ውስጥ ተከለከለ።

እርሳስ የሚጎዳው አእምሮን ነው። ልጁን አያተኩሰውም፣ አያስለውም። ትምህርት ይከብደዋል፣ አንድ ቦታ ላይ ማተኮር ያቅተዋል፤ ሰነፍ ተብሎ ይቀራል። መምህር ስለሆንኩ ይህ ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። መርዝን መርዝ የሚያደርገው መጠኑ ነው የሚለው አባባል ትክክል ነው። እኔም አስተምረዋለሁ። ጨውም ሲበዛ ይገድላል። ነገር ግን ጸሐፊው ግማሹን ብቻ ነው የወሰዱት። ለእርሳስ ጉዳት የለውም ተብሎ የተረጋገጠ መጠን እንደሌለ የዓለም ጤና ድርጅት በግልጽ ይናገራል። ሌላም አለ። ሰው በቀን አንድ ዕቃ ብቻ አይነካም። ጠዋት ክሬም፣ ቀን ሳሙና፣ ማታ የተባይ መርጫ፤ ከግድግዳው ደግሞ አቧራው። እያንዳንዱ ሻጭ የኔው ትንሽ ነው ይላል። ደማሪው ማን ነው? ሰውነት ነው የሚደምረው።

አንዳንዱ ደግሞ ገብቶ አይወጣም። ዲዲቲን እናንሳ። ኢትዮጵያ ለወባ መከላከያ ለብዙ ዓመታት ስትረጨው ኖራለች፤ አዳሚ ቱሉ በሚገኘው ፋብሪካም ይዘጋጅ ነበር። ዲዲቲ ስብ ውስጥ ይቀመጣል፣ ለመፍረስ ዓመታት ይፈጅበታል። ማስረጃ የለም ላሉት፣ ማስረጃው ሩቅ አይደለም፤ እዚሁ ሰፈራችን ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት በአሰንዳቦ፣ በሰርቦና በጅማ ከተማ የእናቶችንና የላሞችን ወተት መርምሮ የዲዲቲ ቅሪት አግኝቷል። እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥብቅ ልናገር። ይህን ያነበበች እናት ጡት ማጥባት እንዳታቆም። የጡት ወተት ጥቅሙ አሁንም ከሁሉም ይበልጣል፤ የጤና ባለሙያዎችም የሚመክሩት ይህንኑ ነው። እኔ የማነሳው ሌላ ጥያቄ ነው። ያቺ የሰርቦ እናት መቼ መረጠች? ማንስ ጠየቃት?

ይህ ጥያቄ ወደ ሦስተኛው ነጥብ ያስገባኛል። ከሁሉም በላይ ያንገበገበኝ እሱ ነው። ገዢው አይቶ ይምረጥ የሚለው።

የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ ነው። ሰፈራችን ውስጥ በረኪና በሃይላንድ ጠርሙስ እየተሞላ ይሸጥ ነበር። አሁንም ይሸጣል። ርካሽ ነው፣ ልብሱንም ያነጣል፤ እኛም ቤት ነበረ። እህቴ ግቢ ውስጥ ልብስ እያጠበች ሳለ ስልክ ተደወለላት። ዞር አለች። የሦስት ዓመት ልጇ ሳፋው አጠገብ የተቀመጠውን ጠርሙስ አነሳ። ውሃ መሰለው። አንድ ጉንጭ ወሰደ።

ጩኸቱን ሰምቼ ስወጣ ግቢው በሰው ተሞልቷል። አንዱ አስመልሱት ይላል። ሌላዋ ወተት ይዛ ትሮጣለች። ሁሉም ሊያድነው ነው የሚፈልገው። በረኪና የጠጣ ሰው ግን እንዲያስመልስ አይደረግም። ሲወርድ ያቃጠለው ሲመለስም ሁለተኛ ያቃጥላል። አፉን በውሃ አጠብነው፣ ጠርሙሱን ይዘን በባጃጅ ወደ ሕክምና በረርን። ልጁ ዳነ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ከንፈሩና አፉ ተላልጦ ግን ለቀናት ምግብ አልወርድ ብሎት ነበር።

እህቴ ለወራት ራሷን ስትወቅስ ከረመች። ጸሐፊው በሚሉት መንገድ ከሄድን ጥፋቱ የሷው ነው፤ አይታ አልመረጠችም፣ አልተጠነቀቀችም። እኔ ግን ያን ጠርሙስ አስቀምጬው ደጋግሜ አየሁት። ወረቀቱ አልተላጠም ነበር። የታሸገ ውሃ ይላል። በዚያ ጠርሙስ ላይ ሊነበብ የሚችለው ብቸኛው ጽሑፍ ውሸት ነበር። በረኪና ነው አይልም። ምን ያህል የበረታ እንደሆነ አይልም። ከልጆች አርቁ አይልም። ከመጸዳጃ ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር አትቀላቅሉ አይልም። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮች ላይ የተለቀቀው ጋዝ ነው። በጠባብ ሽንት ቤት ውስጥ በሩን ዘግታ የምታጸዳ ልጅ ይህን በምን ታውቃለች?

ምርጫ ማለት ከሚያነቡት ነገር ነው የሚመጣው። ካልተጻፈ ምኑ ተነቦ ይመረጣል?

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1970 አንድ ሕግ አወጣች። መድኃኒትና አደገኛ የቤት ኬሚካል የሚታሸግበት ዕቃ ክዳኑ ሕጻን በቀላሉ የማይከፍተው መሆን አለበት የሚል። ክዳን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ በአስፕሪን ተመርዘው የሚሞቱ ሕጻናት ቁጥር በጣም ወረደ። እናቶቹ ከበፊቱ የበለጠ አዋቂ ሆኑ? አልሆኑም። ክዳኑ ነው የተለወጠው።

አሁን ደግሞ ወደ ክሬሙ እንሂድ። የጅማው ገበያ ሂርማታ ገብታችሁ ፊት የሚያቀላ ክሬም ጠይቁ። ምን አለው ብትሉ መልሱ አንድ ነው፤ ኦርጅናል ነው፣ የዱባይ ነው። ካርቶኑ ላይ ያለው ጽሑፍ እንግሊዝኛ፣ ዐረብኛ ወይም ቻይንኛ ነው። ከተማችን ውስጥ ሰው የሚያነበው አፋን ኦሮሞና አማርኛ ነው። ዐረብኛውን የሚያነብም ቢገኝ ሜርኩሪ የሚል ቃል ላያገኝ ይችላል። ብዙ ጊዜ አይጻፍማ። ሜርኩሪ ቆዳን የሚያጠቁረውን ቀለም እንዳይመረት ያግዳል፤ ለዚህ ነው የሚጨምሩት። ከዚያ ኩላሊት ይጎዳል። ከተቀባችው ሴት ቆዳ እየተነነ ቤት ውስጥ ያሉትንም ያገኛል፤ አብሯት የሚተኛውን ሕጻን ጭምር። አይሸትም፣ አይታይም። መኖሩን የሚናገረው የላቦራቶሪ መሣሪያ ነው። ገዢዋ ላቦራቶሪ ይዛ ገበያ ትውጣ?

ለዚህ ነው ዓለም ሚናማታ በሚባለው የሜርኩሪ ስምምነት ነገሩን ከገዢው እጅ ያወጣው። መጀመሪያ በኪሎ ከአንድ ሚሊግራም በላይ ሜርኩሪ ያለበት መዋቢያ ተከለከለ። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ አገሮቹ ተሰብስበው ይህቺን ቀዳዳም ደፈኗት፤ ሜርኩሪ የተጨመረበት መዋቢያ በሙሉ እስከ 2025 እንዲቀር ወሰኑ።

ወደ ተፈጥሮ ተመለሱ የሚለውን ምክር በአጭሩ ልለፈው። ኩል ከእናት ወደ ልጅ የወረደ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ተፈጭቶ የሚዘጋጀው እርሳስ ካለበት ድንጋይ ነው። አራስ ልጅ ዓይን ላይ እንቀባዋለን። እንሶስላ ሌላ ነገር ነው፤ ቅጠልና ሥር ነው። በሙሽራ እጅ ላይ ቶሎ እንዲጠቁር ተብሎ የፀጉር ቀለም የተቀላቀለበት ጥቁር ሂና ግን ፓራፌኒሊንዲያሚን የሚባል ኬሚካል አለበት። ቆዳ ያቆስላል፤ በአውሮፓ ለፀጉር ብቻ በልክ ይፈቀዳል እንጂ ቆዳ ላይ እንዲቀባ አይፈቀድም። ተፈጥሮ የሚለው ቃል ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

አራተኛው ነጥብ ላይ ጸሐፊው ከራሳቸው ጋር ተጋጭተዋል። ሕጉ በቂ ነው ይላሉ፤ አንድ አንቀጽ ሳያልፍ ደግሞ ሕግ አይሠራም ይላሉ። የማይሠራ ነገር እንዴት በቂ ይሆናል? ሆኖም ሁለቱንም ለየብቻ ልመልከት፤ የፖሊሲ ምዘና ማለት ይኸው ነውና።

ሕጎች አሉ። ይህን ልክ ብለዋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ሰጥቷል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አለ። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 አለ። የአደገኛ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 1090/2010፣ መዋቢያን የሚጨምረው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011፣ ሸማቹን የሚጠብቀው አዋጅ ቁጥር 813/2006። ጸሐፊው እነዚህን ደርድረው ይኸው አሉን ብለዋል። እኔ ደግሞ ሱቅ ውስጥ ቆሜ አየዋለሁ። መደርደሪያው ላይ ቀለሙ፣ መርጫው፣ ማጽጃው ጎን ለጎን ነው። ሕጎቹ ግን በየመሥሪያ ቤቱ ተበታትነዋል። እኔ በሱቁ ውስጥ ባሳለፍኳቸው ቅዳሜዎች ሁሉ ደረሰኝና ንግድ ፈቃድ የጠየቀ አይቻለሁ። ጣሳው ውስጥ ምን አለ ብሎ የጠየቀ አላየሁም።

ታዲያ ሕግ አይሠራም ማለት ነው? አይደለም። አንዳንዱ ይሠራል፣ አንዳንዱ አይሠራም። ለምን የሚለው ነው መጠየቅ ያለበት። ሦስት ምሳሌ ላምጣ።

ፌስታልን ውሰዱ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊሜትር በታች የሆነ ፌስታል ከለከለ። ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ስስ ፌስታል ይዘን ከገበያ ተመለስን? እዚህ ጅማ አዌቱ ወንዝ ዳር ወርዶ ማየት በቂ ነው። በ2017 ዓ.ም. ምክር ቤቱ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉትን ፌስታል የሚከለክል ሌላ አዋጅ ማጽደቅ አስፈለገው። የመጀመሪያው ለምን አቃተው? የፌስታልን ውፍረት በዓይን የሚለይ ሰው የለም። ሻጩም ገዢውም ደንብ አስከባሪውም አይለዩትም። ፌስታሉ ደግሞ በሺህ እጅ ያልፋል።

ቤንዚንን ውሰዱ። እርሳስ የተጨመረበት ቤንዚን ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ እ.ኤ.አ. እስከ 2005 መጨረሻ ድረስ ቀረ። አገሮቹ ዳካር ላይ የተስማሙት በ2001 ነበር። አምስት ዓመት ያልሞላ ጊዜ! በዓለም ላይ የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ ሆና በ2021 አቆመች። ማደያ ቆሞ ይሄ እርሳስ አለው ወይ ብሎ የጠየቀ ሾፌር ነበረ? አልነበረም። መጠየቅም አላስፈለገውም። ነዳጁ ወደ አገር የሚገባባቸው በሮች ጥቂት ናቸው፤ እዚያ ተዘጋ፣ አለቀ።

ሦስተኛው ቀለም ነው። ይህን ከሌሎቹ በቅርብ አውቀዋለሁ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 የእርሳስ ቀለም ቁጥጥር ደንብ ቁጥር 429ን አወጣ። በአንድ ኪሎ ቀለም ውስጥ ከ90 ሚሊግራም በላይ እርሳስ መኖር የለበትም ይላል። ጥብቅ ልክ ነው፤ ከበለጸጉት አገሮች ልክ አያንስም። ጥሩ ሕግ የምለው ግን ስለጠበቀ ብቻ አይደለም። እርሳስ ቀለም ውስጥ ሳይታወቅ የሚገባ ቆሻሻ አይደለም። ፋብሪካው ገዝቶ ነው የሚጨምረው። ቢጫውና ብርቱካናማው እንዲደምቅ፣ ቶሎ እንዲደርቅ፣ ብረት እንዳይዝግ። ገዝቶ የሚጨምረውን መግዛት ሊያቆም ይችላል። ምትክም አለ። የቀለም ፋብሪካዎች ደግሞ እንደ ጉሊት የትየለሌ አይደሉም፤ ሊቆጠሩ ይችላሉ። ሕጉ የሚያርፈው ሊሸከሙት በሚችሉት ላይ ነው።

ደንቡ ሁሉን ጨርሷል እያልኩ አይደለም። ሕጉ አዲሱን ጣሳ እንጂ የድሮውን በር አይነካም። ሰባትና ስምንት ጊዜ ተደራርቦ የተቀባ የላሜራ በር፣ ቢጫ የተቀባ የልጆች ዥዋዥዌ፣ የቀበሌ ቤት መስኮት፤ እነዚህ አሁንም አሉ። ሱቅ መጥቶ የብርጭቆ ወረቀት ለሚገዛ ሰው ሁሉ ይህን እንነግራለን፤ የድሮ ቀለም በደረቁ አትፈግፍጉ፣ አርጥቡት፣ ልጆች አጠገብ አይሁኑ፣ ሲጨርሱ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ እንጂ በመጥረጊያ አይጥረጉ። አንዳንዱ ይስቃል። አንዳንዱ ይሰማል።

እንግዲህ እኔ ፖሊሲን የምመዝነው በዚህ ነው። ሸክሙን ማን ላይ ጫነ? ሊሸከም በሚችለው ላይ ወይስ በማይችለው ላይ?

ይህ የእኛ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1976 የኬሚካል ሕግ ስታወጣ ገበያ ላይ የነበሩትን ወደ 62,000 የሚጠጉ ኬሚካሎች ሳትመረምር አሳለፈቻቸው። ጎጂ መሆኑን የማስረዳት ዕዳ የመንግሥት ሆነ። ከዚያ ምን ሆነ? ለሕንፃ ዕቃ ይውል የነበረው አስቤስቶስ የሚባል ማዕድን ካንሰር እንደሚያመጣ ዓለም እያወቀ፣ የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ1989 ሲከለክለው ፍርድ ቤት በ1991 አብዛኛውን ክልከላ ሻረው። ሕጉ የተሻሻለው በ2016 ነው። እዚያ አገር ገና ይገባ የነበረው የአስቤስቶስ ዓይነት የተከለከለው በመጋቢት 2024 ነው። ማስረጃ እስኪሟላ እንጠብቅ የሚለው ሐሳብ ይህን ያህል ዋጋ ያስከፍላል። አውሮፓውያን ከ2007 ጀምሮ ነገሩን ገለበጡት። በዓመት አንድ ቶንና ከዚያ በላይ የሚያመርት ወይም የሚያስገባ ድርጅት ስለ ኬሚካሉ መረጃ ያስመዝግብ፤ መረጃ ከሌለ ገበያ የለም አሉ።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ቢያነሱት የምቀበላቸው አንድ ድክመት አለ፤ ራሴ ላንሳው። አንድ ኬሚካል ሲከለከል ፋብሪካው ዘመዱን ሊያመጣ ይችላል። አውሮፓ በ2011 ቢስፌኖል ኤ የሚባለውን የፕላስቲክ ኬሚካል ከሕጻናት ጡጦ አስወጣች። ብዙ ዕቃ ላይ ከቢስፌኖል ኤ ነጻ የሚል ተጻፈ። በአንዳንዶቹ ውስጥ የተተካው ግን ቢስፌኖል ኤስ ነበር፤ የቅርብ ዘመዱ፣ ሥጋቱም የሚመሳሰል። ስለዚህ ክልከላ ብቻውን ሥራ አልጨረሰም። ምትኩ ምንድን ነው ተብሎ አብሮ መጠየቅ አለበት።

አሁን ዋጋው። ይህን ነጥብ በቀላሉ አልገፋውም፤ ወንድሜ ከዚሁ ነው ልጆቹን የሚያሳድገው። እርሳስ ያለበት ቢጫ ርካሽ ነው፤ ምትኩ ይወደዳል። እውነት ነው። ግን ሕግ በሌለበት የሚጎዳው ነጋዴ የትኛው ነው? ንጹሑን የሚያመጣው ነው። ጎረቤቱ በርካሹ ይበልጠዋል። ሁሉም ፋብሪካ አንድ ልክ ሲጠበቅበት ነው ሐቀኛው የሚተነፍሰው። ወንድሜ ይህን ከእኔ በፊት ነው ያለው።

ስለ ትንንሾቹ አምራቾች ግን ጸሐፊው እውነት አላቸው። ቤታቸው ውስጥ ፈሳሽ ሳሙናና በረኪና እያዘጋጁ የሚሸጡ ሴቶች አሉ። ብዙዎቹ ልጅ የሚያሳድጉበት ሌላ ገቢ የላቸውም። ቅጣት ይዞ በራቸውን የሚያንኳኳ ፖሊሲ እኔም አልደግፍም። እነሱን መዝጋት ሳይሆን ማስተካከል ይቻላል። የሚያስፈልገው ምንድን ነው? የራሱ ቀለም ያለው፣ ከውሃ ጠርሙስ ጋር የማይመሳሰል ዕቃ። ሕጻን የማይከፍተው ክዳን። በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ የታተመ ወረቀት፤ ስሙ፣ ብርታቱ፣ ምን ጋር እንደማይቀላቀል፣ ሰው ቢጠጣው ምን እንደሚደረግ። ከተማው ወይም ማኅበራቸው በጅምላ ቢገዛላቸው ለአንድ ጠርሙስ የሚደርሰው ወጪ ብዙ አይሆንም። ለመልመድም ጊዜ ይሰጣቸው።

ደግሞ ዋጋ ሲሰላ ሁሉም ይሰላ። ጸሐፊው የቆጠሩት ሱቅ ላይ የሚጨመረውን ብር ነው። ያን ቀን የከፈልነው የባጃጁ፣ የካርዱ፣ የመድኃኒቱ፣ እህቴ ከሥራ የቀረችባቸው ቀናት፤ እነዚህስ በማን ሒሳብ ይጻፉ? ርካሹን በረኪና በጣም ውድ አድርገን ነው የገዛነው።

መመርመሪያ የለንም፣ ስለዚህ ሕጉ ከንቱ ነው የሚል አንድ ዓረፍተ ነገርም ጽሑፉ ውስጥ ጣል ተደርጓል። በጅማ ዞን ከበቆሎ፣ ከጤፍ፣ ከበርበሬና ከቡና ናሙና ተወስዶ የፀረ ተባይ ቅሪት የለኩ ምሁራን አሉ፤ ጥናታቸውም ታትሟል። የእናት ወተት ውስጥ ያለውን ጥቃቅን ዲዲቲ መለካት ከተቻለ፣ ከሂርማታ አሥር ክሬምና አሥር ጣሳ ቀለም ገዝቶ ማስመርመር አይከብድም። በየስድስት ወሩ ይደረግ። ውጤቱም ከነዕቃው ስም በከተማው ሬዲዮ በሁለቱም ቋንቋ ይነገር። ያኔ ገዢው ይምረጥ ቢባል እኔም አብሬ እላለሁ። ያኔ የሚመርጥበት ነገር በእጁ ይሆናላ።

ጸሐፊውን አንድ ሐሙስ ወደ ጅማ እጋብዛቸዋለሁ። የገበያ ቀን ነው፣ ከተማው ይሞላል። ከወንድሜ ሱቅ እንነሳና አብረን አንድ ዙር እንዞራለን። በረኪናውን፣ ክሬሙን፣ ኩሉን፣ መርጫውን እያነሱ ያዩታል። የትኛው ለልጃቸው እንደሚሆን እንዲመርጡልኝ እጠይቃቸዋለሁ። ከዚያ ቤት ገብተን ቡና እንጠጣለን።

የእህቴን ልጅም ያገኙታል። አሁን አምስት ዓመቱ ነው። ውሃ በሃይላንድ ስትሰጡት ወዲያው አይጠጣም። ክዳኑን ከፍቶ መጀመሪያ ያሸታል።